የስጦታ ቦርሳው እና ከሥሩ ያለው ካርድ፦ ወደ ስትሪፕ ክለብ የሚሄደው የቤተ ክርስቲያን አገልግሎት በዳንሰኞቹ ሚዛን

በአሜሪካ ከተሞች፣ በወር አንዴ ወይም ሁለቴ፣ ከሦስት እስከ አምስት የሚሆኑ ሴቶች የስጦታ ቦርሳ አንጠልጥለው ወደ ስትሪፕ ክለብ፣ ሴቶች ልብሳቸውን እያወለቁ ወደሚደንሱበት ቤት፣ ይገባሉ። መጠጥ አያዙም፣ መድረኩ ፊት አይቀመጡም። ሥራ አስኪያጁ ከፈቀደላቸው በቀጥታ ወደ ዳንሰኞቹ መልበሻ ክፍል ያልፋሉ። አብረዋቸው የመጡት ወንዶች አብዛኛውን ጊዜ ውጭ መኪና ውስጥ ሆነው ይጸልያሉ። አገልግሎቱ አዲስ አይደለም። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ትሬዠርስን እ.ኤ.አ. በ2003 የመሠረተችው ሃርመኒ ደስት ራሷ ቀድሞ ዳንሰኛ ነበረች። ሉዊቪል ኬንታኪ ያለው ስካርሌት ሆፕ ደግሞ ትኩስ የቤት ምግብ ወደ ክለቦች በማስገባት ይታወቃል። የእነሱን መንገድ የተከተሉ ትናንሽ ቡድኖች ዛሬ በብዙ ግዛቶች አሉ።

ስለዚህ አገልግሎት የሚጻፈው አብዛኛው ከሰጪዎቹ ወገን ነው፤ ስንት ቦርሳ እንደታደለ፣ ከስንት ሴት ጋር እንደተጸለየ ይቆጥራል። ይህ ግምገማ ከተቀባዮቹ ወገን ነው። ዳንሰኞች ከአገልግሎቱ ምን ይጠቅመናል ይላሉ፣ ምኑ ያስቆጣቸዋል፣ በተለይ ከቦርሳው ሥር ያለችውን፣ ፅንስ ማቋረጥን የሚቃወም የእርግዝና ምክር ማዕከል ካርድ እንዴት ያዩዋታል? ፍርዱን ከወዲሁ ለመናገር፦ ምግቡና ወዳጅነቱ በሥርዓት ከተያዘ በእውነት ይጠቅማል። ካርዷ ግን ብዙ ጊዜ የምትደብቀው ነገር አላት፤ ዳንሰኞች አገልግሎቱን የሚወዱበትም የሚርቁበትም ነጥብ እሱ ነው።

ከቦርሳው እንጀምር። የተለመደው ይዘት ሊፕ ግሎስ፣ የሰውነት ሎሽን፣ ቸኮሌት፣ የጆሮ ጌጥ፣ በእጅ የተጻፈ ካርድና ጥቅስ ነው። ሎሽኑ ስህተት ነው። ሥራ ሊጀምር ሲል ሎሽን ወይም ዘይት የተቀባች ዳንሰኛ መድረኩ ላይ የሚደነስበትን የብረት ምሰሶ መያዝ አትችልም፤ ቅባቱ ብረቱ ላይ ስለሚቀር ከእሷ ቀጥላ የምትወጣውም ትንሸራተታለች። ራስን ወደ ታች አድርጎ ተሰቅሎ መንሸራተት አንገት ይሰብራል። የሚያብረቀርቅ ዱቄት ያለበት ነገርም አይሆንም፤ የደንበኛ ልብስ ላይ ስለሚቀር ብዙ ክለቦች ይከለክላሉ። የሚፈለገው ሌላ ነው፦ እርጥብ መጥረጊያ፣ ምላጭ፣ ዲዮድራንት፣ ሞዴስና ታምፖን፣ ረጅም ተረከዝ ለሚልጠው እግር ፕላስተር፣ የፀጉር ማሰሪያ፣ ልብስ ከቆዳ ጋር የሚያጣብቅ ቴፕ፣ የስልክ ቻርጀር። የሚበላና የሚጠጣ ነገር ሁሉ ፋብሪካ እንደዘጋው መምጣት አለበት። በዚህ ሥራ ላይ ያለች ሴት ተከፍቶ የተሰጣትን መጠጥ አለመቀበልን ቀድማ ተምራለች፤ ሰጪዋ የቤተ ክርስቲያን ሰው መሆኗ ይህን አይለውጠውም። ትኩስ ምግብ ከሆነ በእጅ የሚያዝ፣ ነጭ ሽንኩርት ያልበዛበትና ልብስ የማያበላሽ ይሁን።

ከቦርሳው በላይ የሚወስነው ደግሞ በማን በኩል እንደገባ ነው። በብዙ ክለቦች መልበሻ ክፍሉን የምትጠብቅ፣ ዳንሰኞቹ "ሃውስ ማም" የሚሏት ሴት አለች። መርፌና ክር፣ የፀጉር ስፕሬይ፣ ሞዴስ፣ ብስኩት የሚገኘው ከእሷ ጠረጴዛ ነው፤ የምትኖረውም ዳንሰኞቹ በፈረቃ መጨረሻ በሚሰጧት ጉርሻ ነው። ቡድኑ እሷን አልፎ ተመሳሳዩን ዕቃ በነጻ ካደለ ገቢዋን ይነካል። ሁለተኛው ወር ላይ በሩ የሚዘጋባቸው ቡድኖች ምክንያቱ ሃይማኖት ይመስላቸዋል፤ ብዙ ጊዜ ግን ይሄ ነው። ቦርሳዎቹን ለእሷ አስረክቦ እንድታድል ማድረግ፣ ለእሷም ለብቻዋ ማምጣት በሩን ይከፍታል።

ሰዓቱም እንዲሁ። በአሜሪካ አብዛኞቹ ዳንሰኞች ተቀጣሪ ሳይሆኑ "ገለልተኛ ሥራ ተቋራጭ" ተብለው ነው የሚሠሩት። ደመወዝ የላቸውም፤ እንዲያውም ለመሥራት ለክለቡ የመግቢያ ክፍያ ይከፍላሉ። ዘግይታ የመጣች ብዙውን ጊዜ ይጨመርባታል። ለዲጄውና ለጥበቃው የሚሰጠው ሌላ ነው። ስለዚህ ሌሊቱን የምትጀምረው በዕዳ ነው። ገቢዋ ከደንበኞች በየዘፈኑ የምታገኘው ነው። አንድ ዘፈን ከ3 እስከ 4 ደቂቃ ነው፤ የ20 ደቂቃ ጸሎትና ጨዋታ አምስት ወይም ስድስት ዘፈን በላ ማለት ነው። አርብና ቅዳሜ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ የሚመጣ ቡድን በጎ ፈቃዱ የቱንም ያህል ቢሆን ከኪሷ እየወሰደ ነው። ጥሩው ሰዓት ሰኞ ወይም ማክሰኞ ከምሽቱ 1 እስከ 2 ሰዓት ነው፤ ሜካፕ እየተቀባ ስለሆነ ጆሮም ጊዜም አለ። መስታወት ፊት ያለው ወንበር የሥራ ቦታ ነው፤ እንግዳ አይቀመጥበትም። ዳንሰኞች በጥሩ የሚያነሷቸው ቡድኖች አንድ የሚያመሳስላቸው ነገር አለ፤ ሁሌም እነዚያው ሰዎች ይመጣሉ፣ ባለፈው ወር የተነገራቸውን ያስታውሳሉ፣ በ10 ደቂቃ ውስጥ ይወጣሉ።

ስም አለመጠየቅ ከሁሉም ይቀድማል። የመድረክ ስም ጌጥ አይደለም፣ መከላከያ ነው። በ2014 በዋሽንግተን ግዛት ፒርስ ካውንቲ አንድ ሰው የዳንሰኞችን የሥራ ፈቃድ መዝገብ ከእነ እውነተኛ ስማቸው እንዲሰጠው ለመንግሥት ጥያቄ አቀረበ፤ ምክንያቱን ሲጠየቅ ልጸልይላቸው ነው አለ። ዳንሰኞቹ ፍርድ ቤት ሄዱ፤ የፌደራል ዳኛም መዝገቡ እንዳይሰጥ አገደ። ከዚያ ወዲህ "ልጸልይልሽ፣ እውነተኛ ስምሽ ማነው?" የሚለው ጥያቄ ለብዙዎቹ የዋህ ጥያቄ አይደለም። እግዚአብሔር የመድረክ ስሟን ቢሰማ ማንነቷ የሚጠፋበት ይመስል ለምን ይጠየቃል? ፎቶም አይነሳ፤ ፊት ባይታይም ንቅሳት፣ ጫማና የመስታወቱ ቅርጽ ክለቡንና ሴትየዋን ያሳውቃል።

ሌላው ሁሉንም የጥቃት ሰለባ አድርጎ ማየት ነው። "ማን አመጣሽ? መታወቂያሽን ማን ይዞታል?" የሚሉ ጥያቄዎች ሕገወጥ የሰዎች ዝውውርን ለመለየት በሥልጠና የሚሰጡ ናቸው። መልበሻ ክፍል ውስጥ፣ በሌሎች ጆሮ ፊት ሲጠየቁ ግን በፈቃዷ የምትሠራውን ይሰድቧታል፤ በእርግጥ የተገደደች ካለች ደግሞ ለሚያስገድዳት ሰው ወሬ ያደርሱባታል። ሴቶች መጸዳጃ ቤት በር ላይ ከውስጥ በኩል የሰዎች ዝውውር ተጠቂዎችን የሚረዳውን ብሔራዊ የስልክ መስመር (1-888-373-7888) መለጠፍ ይሻላል፤ ማን እንዳየው ማንም አያውቅም።

ከበር ውጭ የሚደረገውን ሰልፍ ከዚህ አገልግሎት ለይቶ ማየት ተገቢ ነው፤ ዳንሰኞች ግን ሁለቱን አንድ ላይ ያስታውሷቸዋል። ኦሃዮ ውስጥ ዋርሶ በምትባል ትንሽ ቦታ አንድ ቤተ ክርስቲያን ለዓመታት በየሳምንቱ መጨረሻ ፎክስሆል የተባለውን ክለብ ደጅ ይዞ ይቃወም ነበር፤ የደንበኞችን የመኪና ታርጋ ኢንተርኔት ላይ እስከ መለጠፍም ደርሷል። በ2010 ዳንሰኞቹ በተራቸው እሁድ የዋና ልብስ ለብሰው ቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት ወንበር ዘርግተው ተቀመጡ። ከዚህ ትዝታ ጋር ለምትኖር ሴት ካርድ የምትዘረጋላት አገልጋይ መጀመሪያ የምትከፍለው የሌላውን ዕዳ ነው።

ወደ ካርዷ እንምጣ። በብዙ ቦርሳዎች ውስጥ "ያልታሰበ እርግዝና? ነጻ ምርመራ፣ ነጻ አልትራሳውንድ፣ ሁሉንም አማራጮች እናማክራለን" የምትል ካርድ ትገኛለች።

ስለ ፅንስ ማቋረጥ "የዳንሰኞች አቋም" የሚባል አንድ ነገር የለም። መልበሻ ክፍሉ ውስጥ መስቀል በአንገቷ ያሰረች፣ እሁድ ልጇን ይዛ ቅዳሴ ወይም አምልኮ የምትሄድ፣ ፅንስ ማቋረጥ ኃጢአት ነው ብላ የምታምን ሴት አለች። ሁለት ጊዜ አቋርጣ በውሳኔዋ የማትጸጸት አለች። ኃጢአት ነው ብላ እያመነች፣ ለነበሯት ልጆች ስትል ያቋረጠችም አለች። ይህ በዳንሰኞች ብቻ የታየ አይደለም፤ የሥነ ተዋልዶ ጤናን የሚያጠናው የጉትማከር ተቋም በ2014 ፅንስ ያቋረጡ አሜሪካውያንን ሲጠይቅ 59 በመቶዎቹ ቀድሞ የወለዱ ነበሩ። 24 በመቶ ካቶሊክ ነን፣ 13 በመቶ ወንጌላዊ ነን፣ 17 በመቶ የሌሎች ፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናት አባል ነን ብለዋል። እምነት የማታውቅ ሴት አገኛለሁ ብላ የምትገባ አገልጋይ ብዙ ጊዜ የምትሰብከው የገዛ ቤተ ክርስቲያኗን ምዕመን ነው። በፅንስ ጉዳይ ከቡድኑ ጋር የሚስማሙት ዳንሰኞች ሳይቀሩ የሚቃወሙት አንድ ነገር አለ፤ በሊፕ ግሎስ ተሸፍኖ መምጣቱን። የምታምኑትን ፊት ለፊት ንገሩን፣ አይሆንም የማለት ዕድል ስጡን ይላሉ። ልክ ናቸው።

እርግዝና ለዚህች ሴት በገንዘብ ምን ማለት እንደሆነ ማስላት ያስፈልጋል። ሆድ ከ20ኛው ሳምንት አካባቢ ይታያል፤ ክለቡ ወደ ቤት ይልካታል፣ ወይም በረጅም ጫማ መድረክ ላይ መውጣቱ ራሱ አደጋ ይሆናል። ቀሪው 20 ሳምንት ነው። ከወሊድ በኋላ ለማገገም በተለምዶ 6 ሳምንት፣ በቀዶ ሕክምና ከሆነ 8 ይሰጣል። በድምሩ ከ26 እስከ 28 ሳምንት፣ ከስድስት ወር በላይ ያለ ገቢ። በ2023 ሥራ ላይ የዋለው የነፍሰ ጡር ሠራተኞች ሕግ አሠሪው የሥራ ሁኔታዋን እንዲያመቻችላት ያዛል፤ የቤተሰብና የሕክምና ፈቃድ ሕጉም 12 ሳምንት ያለ ክፍያ ይሰጣል፤ ሁለቱም ግን ለተቀጣሪ ናቸው። "ተቋራጭ" የተባለች ዳንሰኛ ከሁለቱም ውጭ ናት። ፅንስ ማቋረጥን ከልባቸው የሚጠሉ አገልጋዮች ከሁሉ በፊት ይህን ስሌት ቢያውቁት እንመኛለን፤ ለብዙዋ ሴት ውሳኔው የሚያልቀው እዚህ ነውና።

ማዕከሉ ምን ይሰጣል? የሽንት ምርመራው ከፋርማሲ በጥቂት ዶላር ከሚገዛው የተለየ አይደለም። አልትራሳውንዱ "ውስን" የሚባል ነው፤ እርግዝናው ማህፀን ውስጥ መሆኑን፣ የልብ ምት መኖሩንና የሳምንቱን ቁጥር ለማየት እንጂ ሙሉ ምርመራ አይደለም። ከ100 እርግዝና አንድ ወይም ሁለቱ ከማህፀን ውጭ ይሆናል። በአንድ ጎን የሚጠና ሆድ ሕመም፣ ደም መፍሰስ፣ ትከሻ ላይ የሚሰማ ሕመም ወይም ራስን መሳት ካለ ቦታው ማዕከሉ አይደለም፤ ድንገተኛ ክፍል ነው፣ በዚያው ሌሊት። ዳይፐርና የሕፃን ልብስ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ትምህርት ተከታትሎ በሚጠራቀም ነጥብ ነው። አዲስ የተወለደ ሕፃን በቀን 10 ገደማ ዳይፐር ይጨርሳል፣ በወር 300። ባለ 35 እሽግ ለሦስት ቀን ተኩል ነው። ትምህርቱ ቀን ከሆነና እናትየዋ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከሥራ የምትወጣ ከሆነ ነጥቡ ወረቀት ላይ ይቀራል።

የማይሰጠውም መነገር አለበት። ፅንስ አያቋርጥም፤ ወደሚያቋርጥ ሐኪም አይልክም፤ አብዛኛዎቹ ማዕከላት የወሊድ መቆጣጠሪያም አይሰጡም። በአገሪቱ እንዲህ ያሉ ማዕከላት 2,500 ገደማ ናቸው፤ ፅንስ የሚያቋርጡ ክሊኒኮች ግን በ2020 ሲቆጠሩ 807 ነበሩ። ካሊፎርኒያ ማዕከላቱ ፈቃድ ያለው ሐኪም ከሌላቸው ይህን በማስታወቂያ እንዲናገሩ ሕግ አውጥታ ነበር፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2018 ሕጉ የመናገር ነጻነትን ይነካል ብሎ ከለከለው። ስለዚህ መጠየቅ ያለባት ሴትየዋ ራሷ ናት። የምስጢር ጉዳይም አለ፦ ከኢንሹራንስ ክፍያ የማይጠይቅ ነጻ ማዕከል አብዛኛውን ጊዜ ሂፓ በተባለው የሕክምና ምስጢር ሕግ አይገዛም። ቅጹ ላይ የሚሞላው እውነተኛ ስም፣ የወር አበባ ቀንና ስልክ ቁጥር እንደ ሐኪም ቤት መዝገብ አይጠበቅም። የመድረክ ስሟን እንኳ ሰስታ ለምትናገር ሴት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ከሁሉ የሚከብደው ጊዜው ነው። እርግዝና የሚቆጠረው ካለፈው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን ነው፤ ወር አበባዋ በቀረ ዕለት 4 ሳምንት ሆኗታል። ሰኔ 2022 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፅንስ ማቋረጥን በመላ አገሪቱ የፈቀደውን የ1973ቱን ውሳኔ ከሻረ ወዲህ ግዛቶቹ ተለያይተዋል። ክለብ በበዛባቸው ጆርጂያና ፍሎሪዳ ገደቡ 6 ሳምንት ገደማ ነው፤ ቴክሳስ ከጥቂት ሁኔታ በቀር ፈጽማ ትከለክላለች፤ ኔቫዳ እስከ 24 ሳምንት ትፈቅዳለች፤ ኦሪገን ገደብ የላትም። ጆርጂያ፣ አትላንታ ያለች ዳንሰኛ ያላት ሁለት ሳምንት ነው። "በአልትራሳውንዱ ገና አይታይም፣ በሚቀጥለው ሳምንት ተመለሺ" የሚል አንድ ቀጠሮ ግማሹን ይበላዋል። ፅንስ የሚያቋርጠው ክኒን፣ የአገሪቱ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በሆነው ኤፍዲኤ የተፈቀደው እስከ 10 ሳምንት ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሂደት ዋጋውም ጉዞውም ይጨምራል። ለመውለድ ለወሰነች ሴት ያ ሳምንት ምንም አይደለም። ላልወሰነች ግን ውሳኔውን ከእጇ ይወስዳል፤ ዳንሰኞች ስለ ካርዷ በምሬት የሚናገሩት ከዚህ የተነሳ ነው።

አንዳንድ ማዕከላት ከሁለቱ የማቋረጫ መድኃኒቶች የመጀመሪያውን ክኒን ለዋጠች ሴት ፕሮጄስትሮን በተባለው ሆርሞን ማቋረጡን "መመለስ" ይቻላል ይላሉ። የአሜሪካ የማህፀንና የጽንስ ሐኪሞች ኮሌጅ ይህ በማስረጃ አልተደገፈም ብሏል። 40 ሴቶችን ለማሳተፍ ታቅዶ የተጀመረ አንድ ጥናት 12 ላይ ሲደርስ ቆሟል፤ 3ቱ በከባድ የደም መፍሰስ ወደ ሐኪም ቤት ተወስደዋልና። በዚህ ጉዳይ ልትማከር የምትፈልግ ሴት ክኒኑን ያዘዘላትን ሐኪም ትጥራ።

በጥሩ የምንመሰክርላቸው ቡድኖች ለመውለድ የወሰነችውን ሴት ከወሊድ በኋላም አይተዉም። ትልቁ እርዳታ ዳይፐር አይደለም፤ ወረቀት ነው። ለነፍሰ ጡር የሚሰጠው ሜዲኬይድ፣ የመንግሥት የጤና ሽፋን፣ የገቢ ማስረጃ ይጠይቃል፤ በጥሬ ገንዘብ የምትሠራ ሴት ደግሞ የደመወዝ ሰነድ የላትም። በየምሽቱ የገባውን፣ ለክለቡ የተከፈለውን፣ ለዲጄውና ለጥበቃው የተሰጠውን በአንድ ደብተር መያዝ ማመልከቻውን ያስኬደዋል፤ ለግብርም ያው ደብተር ያገለግላል። በግል ሥራ ላይ የሚጣለው ግብር 15.3 በመቶ ሲሆን ከገቢ ግብሩ በተጨማሪ ነው፤ በዓመት አራት ጊዜ ይከፈላል፣ ሚያዝያ፣ ሰኔ፣ መስከረምና ጥር። የክለቡ ክፍያ፣ የመድረክ ልብስና ጫማ እንደ ወጪ ይቀነሳል። ሜዲኬይድ ዛሬ በሁሉም ግዛቶች ማለት ይቻላል ከወሊድ በኋላ 12 ወር ይቆያል፤ ዊክ የተባለው የምግብ እርዳታ ልጁ 5 ዓመት እስኪሞላው ይቀጥላል። ቅጽ መሙላት የምታውቅ አንዲት አገልጋይ መቶ ቦርሳ ታስከነዳለች።

ካቋረጡ በኋላ ስላለው የምክር ጉባኤም እንዲሁ፦ ሐዘን የያዛት ሴት በእምነቷ ውስጥ የምታለቅስበት ቦታ ማግኘቷ መልካም ነው። ሐዘን ያልያዛትን "ገና አልገባሽም" ብሎ ሐዘን መስጠት ግን ሌላ ነው፤ ዳንሰኞች ከአገልግሎቱ የሚቀሩት ብዙ ጊዜ ይህን ከሰሙ በኋላ ነው።

ካርዱ የተሰጣት ሴት ከመሄዷ በፊት በስልክ አምስት ነገር ትጠይቅ፦ ፅንስ ታቋርጣላችሁ ወይስ ወደሚያቋርጥ ትልካላችሁ? አልትራሳውንዱን የሚያነበው ፈቃድ ያለው ሐኪም ነው? መዝገቤ በሂፓ ይጠበቃል? ውጤቱን በእጄ ትሰጡኛላችሁ? ለሌላ ቀን ትቀጥሩኛላችሁ? መልሱ "ስትመጪ እንነጋገራለን" ከሆነ ሌላ ቦታ መደወል ይሻላል።

ካርዱን ለሚያሳትሙት ደግሞ፦ ሦስት መስመር ይበቃል። "ክርስቲያኖች ነን፤ ፅንስ አናቋርጥም፣ ወደሚያቋርጥም አንልክም። ለመውለድ ከወሰንሽ በሜዲኬይድ፣ በዊክና በዳይፐር እስከዚህ ወር ድረስ እንረዳሻለን። ካልወሰንሽም ምግቡ ያንቺ ነው።" ወሩን በቁጥር ጻፉት። ስልኩም ቀን ብቻ የሚነሳ ሳይሆን ከሌሊቱ 9 ሰዓት የተላከ መልእክት የሚቀበል ይሁን።